«ደረጃ ሦስት» ተብሎ ተጽፎለት ወደ ምን አለሽ ተራ የሚመለስ ልጅ

ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራቸው ወላጆች ቶሎ ከአፋቸው የሚወጣው ጥያቄ «ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» የሚል ነው። ዘመድ ጎረቤቱም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡት ሲሄዱም ያው ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ከጭንቀት የመጣ ጥያቄ ስለሆነ ማንም አይወቀስበትም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው እንደ ካንሰር ደረጃ መሆኑ ነው። አንድ የተባለው ገና የጀመረው፣ ሁለት የተባለው እየባሰበት ያለ፣ ሦስት የተባለው ደግሞ ነገሩ ያበቃለት ተደርጎ ይታሰባል። ቁጥሩን የብልህነት መለኪያ አድርጎ የሚወስደውም ጥቂት አይደለም። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ልጁ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ የሚጠየቅ ሌላ ነገር ያለ አይመስልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። የድጋፍ ደረጃ የሚታወቀው ልጁ ከሚውልበት ቦታና በዙሪያው ካሉት ሰዎች ጋር አብሮ ሲታይ ነው። ድጋፉ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሰጠው፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ካልተጻፈበት፣ ቁጥሩ ለአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ይህን ለማየት መርካቶን፣ በተለይም ምን አለሽ ተራን የመሰለ ቦታ የለም።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ ደረጃ የሚባል ነገር አልነበረም። ሐንስ አስፐርገር በቀጣዩ ዓመት በቪየና ስለ ሌሎች ልጆች ሲጽፍም እንዲሁ። የሁለቱ ሐኪሞች ልጆች የሚገናኙ ሳይመስሉ አሥርት ዓመታት አለፉ። እንግሊዛዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሎርና ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1981 የአስፐርገርን ሥራ ካስተዋወቀች በኋላ ነው ቃል የማይወጣው ልጅና ያለማቋረጥ የሚያወራው ልጅ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ አባላት ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ሥር እየሰደደ የመጣው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ «አስፐርገር» የሚለውን መጠሪያ ጨምሮ የተበታተኑትን ስሞች ሰብስቦ ኦቲዝም በሚለው ሥር ጠቀለላቸው። በምትካቸውም ሦስት ደረጃዎች አስቀመጠ፤ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልገው፣ እጅግ ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልገው የሚሉ። ከአንድ ተነስቶ ወደ ሦስት የሚወርድ የበሽታ ጉዞ በዚህ ውስጥ የለም። አንድ የተባለውም ቢሆን ድጋፍ ያስፈልገዋል ነው የሚለው።

መመሪያው ከዚህ በላይ ያለው ሁለት ነገር ግን ወደ እኛ ሲደርስ እየተንጠባጠበ ቀርቷል። የመጀመሪያው፣ ደረጃው የሚሰጠው ለሁለት ነገሮች ለየብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሰው ጋር ለመግባባት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሚደጋገሙ ድርጊቶች፣ ለውጥን አለመቀበልንና ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪ ያለውን ስሜት ለሚጨምረው ክፍል። ስለዚህ አንድ ልጅ በአንዱ ሦስት፣ በሌላው አንድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ደረጃው እንደ ቦታው ሊለያይ፣ በጊዜ ሂደትም ሊቀያየር እንደሚችል፣ አንድ ሰው አገልግሎት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለመወሰንም መዋል እንደሌለበት መመሪያው ራሱ በግልጽ ጽፏል። ድጋፉ በእያንዳንዱ ሰው ልክ፣ ከራሱ ፍላጎት ተነስቶ ይወሰን ነው የሚለው። ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው «ለዚህ አትጠቀሙበት» ያሉትን ነው ዓለም ሁሉ ለዚያው የተጠቀመበት።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው አስራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ቁጥሩን አላስገባም። የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ አለ ወይ? የሚናገረውስ ምን ያህል ነው? ብሎ ይጠይቃል። በአእምሮ እድገት ውስንነት ዙሪያ የሚሠሩ የአሜሪካ ባለሙያዎች ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚለውን ምደባ ትተው የድጋፉን መጠን ወደ መመዘን ዞሩ፤ በ2004 ያወጡት መለኪያም አንድ ሰው ምግብ ለመብላት፣ ከቤት ለመውጣት፣ ገንዘብ ለመያዝ በየስንት ጊዜው፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ሰው መታገዝ እንዳለበት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ለእኛ የሚበጀው የዚህ ዓይነቱ አጠያየቅ ነው። ምክንያቱን ገበያው ውስጥ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ከክሊኒኩ ክፍል እስከ መዶሻው ድምፅ

ምን አለሽ ተራ ሥራ ሲጀምር ድምፁ ከሩቅ ይቀበላል። ቁራሌዎች ከየሰፈሩ ሰብስበው ያመጡት ጣሳ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮና አሮጌ ብረት በየዓይነቱ ይለያል። በርሜሉ ተቀዶ በመዶሻ ይዘረጋል፤ ከተዘረጋው ላይ የከሰል ምድጃ፣ ባልዲ፣ ሳጥን ይወጣል። የመኪና ባሌስትራ በእሳት ግሎ፣ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ይሆናል። ካረጀ ጎማ በረባሶ ይቆረጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ትከሻ ለትከሻ በሚያጋፋ መተላለፊያ ላይ፣ ሸክም የያዘ ሰው «ዞር በል!» እያለ በሚያልፍበት፣ የጭነት መኪና በሚጠማዘዝበት ቦታ ነው። የብየዳው ብልጭታ አለ፤ የተቃጠለ ጎማና የቀለም ሽታ አለ። ሥራው የብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ለአንዳንድ ልጅ ግን ቦታው ከአቅም በላይ ነው።

ድምፅ የሚያስጨንቀው፣ ጥቂት ቃላት ብቻ ያሉት የሰባት ዓመት ልጅ እናስብ። ወደ ክሊኒክ ይወሰዳል። በሩ ዝግ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። የአሻንጉሊት መኪናውን ጎማ እያሽከረከረ ግማሽ ሰዓት ሳይረበሽ ይቀመጣል። ባለሙያው ያየውን ይጽፋል፤ ለድምፅና ለለውጥ ያለው ስሜት ያን ያህል የጎላ ስላልሆነ በዚህ ክፍል ደረጃ አንድ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ይኸው ልጅ እናቱ ወደምትቸረችርበት መደብ ይመለሳል። የመጀመሪያው በርሜል ሲመታ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፤ ሁለተኛው ሲመታ ወደ መኪናው መንገድ ይሮጣል። እናቱ ቀኑን ሙሉ እጁን ይዛ መዋል አለባት፤ እጁን የያዘች ሴት ደግሞ መሸጥ አትችልም። ያልሸጠች ሴት ማታ የምታበላው የላትም። ልጁ በጠዋትና በከሰዓት መካከል አልተለወጠም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «አንድ» ግን ከሰዓት በኋላ ላለው ሕይወቱ ሦስት ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ይህን የምለው መርካቶን በጩኸቱ ብቻ ማየት ፍርደ ገምድልነት ስለሚሆን ነው። ክሊኒክ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ፊት ቀርቦ አንድም ነገር ሳይመልስ፣ ወለሉ ላይ ተንከባሎ «ሦስት» የተባለ ልጅ፣ አጎቱ የሚሠራባት ጥግ ላይ ሲቀመጥ ብሎኖችን በየመጠናቸው እየደረደረ በጸጥታ ሊውል ይችላል። አጠገቡ ያሉት ባለ መደቦች ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቁታል። እጁን ማርገብገብ ሲጀምር ውሃ ፈልጎ እንደሆነ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ ከድምፁ መራቅ እንዳለበት ገብቷቸዋል። አንዱ የብየዳ ሠራተኛ የጆሮ መከላከያውን ሊያውሰው ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ማንም ስሙን ወደማያውቅበት፣ በር ተዘግቶ ወደሚዋልበት የሩቅ ኮንዶሚኒየም ቢዛወር የሚያስፈልገው ድጋፍ ይጨምራል። ሰው የሚባለው ድጋፍ በአንዲት ቀን ጭነት ተነቅሎ ይቀራልና።

«ደረጃ አንድ» የሚባለውን ደግሞ እንመልከት፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ይናገራል፣ ይቆጥራል፣ ምናልባትም ሒሳብ ላይ ከእኩዮቹ ይበልጣል። እንደሌላው ሰው ስለሚያወራ የሚታይ ችግር የለበትም። ነገር ግን ምን አለሽ ተራ ላይ የሚሠራው ሥራ መቀጥቀጥ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ድርድር ነው። ሻጩ «አልሸጥም፣ ውሰደው በነፃ» ሲል በነፃ ማለቱ እንዳልሆነ፣ ገዢው ፊቱን አዙሮ ሲሄድ መመለስ ፈልጎ እንደሆነ፣ ድምፅ ከፍ ሲል ጠብ እንዳልሆነ መረዳት ይጠይቃል። ቃልን እንደ ተነገረ የሚወስድ ሰው እዚህ ገበያ ላይ በየቀኑ ይሸወዳል። ለታላቅ ሰው ሰላምታ ስላልሰጠ «ትዕቢተኛ» ይባላል፤ እውነት ስለተናገረ «ባለጌ» ይባላል፤ አንዳንዴም ይመታል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ችግሩም ትንሽ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን ወጣት ምንም ሳያግዘው ያልፈዋል። አብዛኞቹ እንዲያውም ምርመራ ድረስ አይደርሱም፤ በአገራችን ወደ ክሊኒክ የሚመጡት በአመዛኙ የማይናገሩት ልጆች ናቸው።

ወላጆቹ ራሳቸው የሚፈልጉት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያገኛቸውን፣ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ልጃቸውን ጸበል ወስደዋል፤ ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ያልተሟላልን ብለው ከዘረዘሩት ውስጥ ግን ከሁሉም የበለጠው፣ ከአራቱ የሦስቱ ጥያቄ፣ ልጃቸው የሚማርበት ቦታ ነው። የባለሙያ ሕክምና ከዚያ ቀጥሎ መጣ። እነዚህ ወላጆች ልጁን የሚቀበለው ሰው፣ የሚውልበት ቦታ ነው የቸገራቸው። «ስንተኛ ደረጃ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ይህን ቦታ የሚከፍትላቸው ቁልፍ ቁጥሩ ስለሚመስላቸው ነው።

«ታዲያ ለማን እንቅደም?»

ለዚህ አቋም ከሚቀርቡት ተቃውሞዎች ጠንካራው የእጥረት ጥያቄ ነው። ባለሙያው ጥቂት፣ ማዕከሉ ጥቂት፣ ገንዘቡ ጥቂት በሆነበት አገር ሁሉንም በየግሉ መርምሮ የድጋፍ ዝርዝር መጻፍ ቅንጦት ነው፤ በሦስት ቁጥር መድቦ ለሦስተኛው መቅደም ይሻላል ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። ለባሰበት መቅደም እንዳለብን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ በተግባር የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት «ደረጃ ሦስት» የሚለውን ሲያነብ «ከአቅማችን በላይ ነው» ብሎ ይመልሰዋል፤ «ደረጃ አንድ» የሚለውን ሲያነብ ደግሞ «እንደማንኛውም ልጅ ይማር» ብሎ ያለ ምንም ድጋፍ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ያስቀምጠዋል። አንዱ በር ላይ ቀረ፤ ሌላው ገብቶ ጠፋ። የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ መረጃዎች ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገቡት አስር በመቶ አካባቢ እንደሆኑ ሲያሳዩ መክረማቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ገንዘብ በሞላበት አገርም ቢሆን ቁጥር በር ጠባቂ ሲሆን ይበላሻል። በአውስትራሊያ ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድኅን «ሁለት» ወይም «ሦስት» የተባለ ሰው መግቢያው ይቀልለታል፤ «አንድ» የተባለው ተጨማሪ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በሁለቱ መካከል የቤተሰብ ሕይወት የሚለወጥበት ገንዘብ ካለ፣ ልቡ የሚራራ ሐኪም ወደ ላይ ቢያዘነብል ምን ይገርማል? እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ መለካት ያቆማል።

ሌላው ተቃውሞ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ብዙዎቹ፣ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ጭምር፣ ደረጃ የሚባለው ሁሉ ይቅር ይላሉ። የሰውን ልጅ በቁጥር መመደብ ክብር መንካት ነው፤ የድጋፍ ፍላጎት በየቀኑ ስለሚለዋወጥም ትርጉም የለውም ባዮች ናቸው። የሚሉት ስለ ክብር እውነት ነው። ግን ልዩነቱን አጥፍተን ሁሉንም «ኦቲዝም» ብቻ ብንል የሚጎዳው ማን ነው? ለራሱ መናገር የማይችለው ነው። በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ባወጡት ሪፖርት ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ሌሊትና ቀን አዋቂ ሰው አጠገባቸው ሊኖር የሚገባቸውን፣ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ወይም ቃል የማይወጣቸውን ሰዎች የሚያመለክት ልዩ መጠሪያ እንዲኖር የጠየቁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባወጣው ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው የስምንት ዓመት ልጆች 26.7 በመቶው በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። የእነዚህ ልጆች እናት ስለ ደረጃ መቅረት ለመከራከር ጊዜ የላትም፤ ልጇ ሌሊት በር ከፍቶ እንዳይወጣ ነቅታ የምታድር ሴት ናት።

በዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ሲከፍቱ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር ሰው አልነበረም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው ተነሱ፤ በየቤቱ የተደበቁ፣ አንዳንዶቹም የታሰሩ ልጆች እንዳሉ ለአገር ተናገሩ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖሩ። ከጆይ መከፈት በኋላ ወይዘሮ ራሔል አባይነህና ሌሎች ወላጆች ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ሁለቱም ማዕከላት ከሌላው ዘንድ የተመለሱትን፣ ብዙ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ተቀብለዋል፤ ለዚህም ነው ተራ ጠባቂው ከተቀባዩ የሚበዛው። ማን ይበልጥ ይቸገራል የሚለው ጥያቄ ከነዚህ ማዕከላት ደጃፍ ላይ በየቀኑ ይነሳል። ስለዚህ ልዩነቱ ይታወቅ፣ ይጻፍም ባይ ነኝ። የምቃወመው አንዲት ቁጥር ብቻዋን ሥራውን ሁሉ እንድትሠራ መተዋን ነው።

ገጹ ላይ ምን ይጻፍ?

እንግዲህ ከምርመራው ጋር አብሮ አንዲት ገጽ ትጻፍ። በመግባባት በኩል ምን ያህል፣ በድምፅና በለውጥ በኩል ምን ያህል ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ለየብቻ ይስፈርባት። ከዚያ ልጁ ቀኑን የሚያሳልፍባቸው ቦታዎች ይዘርዘሩ፤ ቤት፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የእናት መደብ። በእያንዳንዱ ቦታ ብቻውን መሆን ይችላል? ካልቻለ በቀን ስንት ሰዓት ሰው ያስፈልገዋል? ያ ሰው ዛሬ ማን ነው? እሱ ቢታመም ተተኪው ማን ነው? ለዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ብንጽፈው፣ በቤት ውስጥ ትንሽ እገዛ፣ በመንገድ ላይ ሁልጊዜ እጁን የሚይዝ ሰው፣ በገበያ ሰዓት ስምንት ሰዓት ሙሉ ከድምፅ የራቀ ማረፊያና ጠባቂ ይሆናል። በየስድስት ወሩም እንደገና ይታይ፤ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት፣ ቤት የቀየሩ ዕለት ግን ስድስት ወር አይጠበቅ።

ይህን የሚጽፍ ባለሙያ ከየት ይመጣል የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው። የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪም ብንጠብቅ በእርግጥ አይመጣም፤ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያሉትም በአመዛኙ በአዲስ አበባ ተሰብስበዋል። ግን ገጹ የሚጠይቀው ሐኪም የሚያውቀውን አይደለም። ስንት ሰዓት፣ የት፣ ከማን ጋር የሚለውን የምታውቀው እናት ናት፤ አድምጦ የሚጽፍ ሰው ነው የሚያስፈልገው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ስለ ልጆች የእድገት ውስንነት በአጫጭር ቪዲዮዎችና በኪስ መመሪያ ማስተማር እንደሚቻልም ተሞክሮ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠናም፣ ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው፣ ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው። በአዲስ አበባና በቡታጅራ አካባቢ ተሞክሯል። አሠልጣኙ ቤት ድረስ መምጣቱ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው፤ ልጁን ክሊኒክ ውስጥ ሳይሆን በሚኖርበት ጩኸት መሐል ያየዋልና።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉት ቀጥታ ድጋፍ፣ መሥራት ለሚችሉት የአካባቢ ልማት ሥራ ብሎ ይለያል። እዚህ ላይ ገጹ ይጠቅማል። የእናትየዋ ጤነኛ እጅና እግር ብቻ ከታየ መሥራት ትችላለች ይባላል። በቀን ስምንት ሰዓት ልጇን የምትይዝ መሆኗ በጽሑፍ ካለ ግን የወረዳው ሠራተኛ ወይ ልጁን የሚይዝ ሰው ይፈልግላታል፣ ወይ ከቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ጋር ይቆጥራታል። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ይህን ለመሞከር ይመቻል፤ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እዚያው ነው፣ ጤና ጣቢያዎቹም ገበያውም በእግር የሚደረሱ ናቸው። በምን አለሽ ተራ ዙሪያ ያሉት እድሮችና የባለ መደቦች ማኅበራት ቤቱን ሁሉ ያውቃሉ፤ ልጁን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ የመቶ ቤተሰብ ገጽ ቢጻፍ፣ ክፍለ ከተማው ስንት የጠባቂ ሰዓት፣ ስንት ጸጥ ያለ ማረፊያ፣ ስንት ረዳት መምህር እንደጎደለው በእጁ ይዞ ለቀጣዩ ዓመት በጀት መጠየቅ ይችላል።